ብሳና ማን ነው?

ዋቅቶላን ሞኝ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ! የሰው አፍ አይዘጋ። እኔ ግን ከሱ ጋር ስንት ዓመት በአንድ ኮሪደር ውዬ ገብቻለሁና ሞኝን ከደግ መለየት አያቅተኝም። ኮሌጁ ወሰን የሚባለው ሰፈር ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም ዛሬ የለም፣ ሕንፃው የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። እኔ የጋዜጠኝነት ክፍሉ ጸሐፊ ነበርኩ። የማርያምወርቅ እባላለሁ፣ ተማሪው ሁሉ እትዬ ይለኛል። ትውልዴም ዕድገቴም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ዳገት ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ነኝና ትንፋሼም ትዕግሥቴም አጭር ነው፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

ዋቅቶላ የጽሑፍ ሥራ መምህር ነበር። ከወለጋ፣ ከጊምቢ ወዲያ የመጣ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ በር ባየ ቁጥር አንገቱን የሚሰብር ሰው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ይዘምራል፤ ሚስቱ አሳየችም እዚያው ትዘምራለች። እኔ የማርያም፣ እሱ ጴንጤ፤ ሥራችን መነካካት ነበር። ሑዳዴ ላይ ቅቅሉን ይዞ ቢሮዬ ይመጣና «እትዬ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ ማንም አያይም» ይለኛል። «ሂድ ከዚህ፣ አንተ ፈታኝ!» እለዋለሁ። እንዲህ ነበርን።

አንድ ጠባይ ነበረው፤ ስለ ሰው ሥራ አይዋሽም። የተማሪ ጽሑፍ ሲያነብ «ጥሩ ነው»ም «መጥፎ ነው»ም ብሎ አያውቅም። «እዚህ ጋ ስደርስ እንቅልፌ መጣ፤ እዚህ ጋ ግን ነቃሁ። ለምን ይመስልሃል?» ይላል። ልጆቹ መጀመሪያ ይፈሩታል፣ በኋላ ሱስ ይሆንባቸዋል። ግን አንድ ሰው ነው። ክፍሉ ደግሞ ሰው በሰው ላይ ነው፤ የሁሉን ወረቀት አንብቦ ሳይጨርስ ወሰነ ትምህርቱ ያልቃል።

ታዲያ በ2007 መጀመሪያ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይነባበቡ፣ አስተያየትም ይሰጣጡ አለ። ኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ ያሉት ያረጁ ናቸው፤ ኢንተርኔቱም እንደ ሰፈራችን ውሃ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል። እሱ ግን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ከጓደኛው ላይ ገልብጦ አንዱ ማሽን ላይ ጫነና ሌሎቹን በገመድ አገናኛቸው። ተማሪው ገብቶ ጽሑፉን ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ ያነቡና ከሥሩ ይጽፋሉ። እንዲያ ሲደክም እያየሁ «የሚከፍሉህ ለዚህ ነው እንዴ?» አልኩት። «እትዬ፣ ሰው ከኔ ከሚማር ከጓደኛው ቢማር አይረሳውም» አለኝ።

የመጀመሪያው ዙር ሳቅ ሆነ። ሁሉም ለሁሉም «አሪፍ ነው፣ በርታ»፣ «አሪፍ ነው፣ በርቺ»። አንዱማ ገና ያልተጻፈ ባዶ ገጽ ሥር «በጣም ማርኮኛል» ብሎ ጽፏል። ምን ያድርጉ! ነገ አብረው ምሳ የሚበሉ ልጆች ናቸው፤ ይሉኝታ አለ። ዋቅቶላ ተናደደና ስማቸውን ደበቀው። ፕሮግራሙ ለያንዳንዱ የዛፍ ስም ሰጠ፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ብሳና። ማን የትኛው ዛፍ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ለኔ ሹክ ያለኝን ሳልቆጥር።

ያኔ ደግሞ ሌላ ጉድ ፈላ። ልጆቹ ይሉኝታው ሲነሳላቸው ግምገማ ጀመሩ! ስለ ኮተቤ ታክሲ ሰልፍ በተጻፈች ምስኪን ጽሑፍ ሥር «ጸሐፊዋ የአመለካከት ችግር ይታይባታል» ተባለ። «ግለ ሂስ ልታደርግ ይገባል።» «በቡድን ሥራ ላይ የማርፈድ ዝንባሌ አላት።» ቆይ፣ ስሟ ተደብቆ ማርፈዷን በምን አወቁ? ዋቅቶላ መጀመሪያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቀጥሎ «እትዬ፣ አትፍረጂባቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አስተያየት ስጡ ሲባሉ የሚያውቁት ይሄንኑ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ተማሪው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር፤ አምስቱን አንዱ ይመራል፣ በየሳምንቱ ይገማገማሉ፣ መሪው ሪፖርት ያቀርባል። በግምገማ ደግሞ የሚታረመው ሥራው አይደለም፣ ሰውየው ነው።

ሆኖም አልተወም። «ሰውየውን ተዉት፣ ዓረፍተ ነገሩን ያዙ» እያለ ደከመ። የትኛው መስመር? ለምን? ምን ቢሆን ይሻላል? ይህን ያልመለሰ አስተያየት ይመልሳል፣ እንደገና ያስጽፋል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ልጆቹ ቀስ በቀስ ገባቸው! ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምተን የማናውቃት ልጅ በዝግባ ስም የምትሰጠው አስተያየት መምህሩን ራሱን ያስደንቀው ነበር። እኔ እንኳ ሥራዬን ትቼ ማንበብ ጀመርኩ። እውነት ለመናገር በዚያ ኮሌጅ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ያን ጊዜ ነው።

ብሳና ኢታና ነበር። ኢታና የእንጦጦ ልጅ ነው፣ ከተራራው ጀርባ። ጠዋት በእግሩ በኛ ሰፈር በኩል ወርዶ ታክሲ ይይዛል፤ ክፍል ሲገባ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጤዛ ነው። አባቱ ገብስ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ከልጆቻቸው ኮሌጅ የረገጠ እሱ ብቻ ነው፤ ዲፕሎማውን ይዞ ሥራ እስኪገባ ቤቱ ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ጥሏል። ሲናገር ይንተባተባል፣ አማርኛውም ገና ነው። ሲጽፍ ግን፣ ወይ ጉድ!

ስለ አባቱ ጻፈ። ማሳቸው ለልማት ተብሎ ታጠረ፤ አባትየው ደግሞ እዚያው አጥር ላይ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ከጽሑፉ እስከ ዛሬ የማልረሳው ይሄ ነው፦ «አባቴ በገዛ ማሳው በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው መታወቂያ ይጠይቃል። ምሳ ይዤለት ስሄድ እኔንም ጠየቀኝ። አባዬ እኔ ነኝ ስለው፣ አውቃለሁ ልጄ፣ ግን ካሜራ አለ፣ ሳልጠይቅህ ብለቅህ ያዩኛል አለኝ። መታወቂያዬን ሰጠሁት። መነጽር ስለሌለው ገልብጦ ያዘው።»

አንብቤ አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ። ልጆቹም ከሥሩ ብዙ ጻፉ። ዝግባ «መጨረሻ ላይ አዘንኩ ያልከውን አውጣው፣ አንባቢው ቀድሞህ አዝኗል» አለችው። ወይራ የተባለው ግን «ጽሑፉ ፀረ ልማት አመለካከት ይንጸባረቅበታል፤ ጸሐፊው ራሱን ሊፈትሽ ይገባል» ብሎ ጻፈ። ዋቅቶላ እንደ ልማዱ ከሥሩ «ይህ ስለ ጽሑፉ አይደለም፤ እንደገና ይጻፍ» አለ።

ሰሎሞን የሚባል የአንድ ለአምስት መሪ ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሰነፍ ነው፤ አንዳንዴ ሰነፍ ከክፉ ይብሳል። የሳምንቱ ሪፖርቱ ሁልጊዜ «ችግር የለም» ስለሚል ባዶ ነው ተብሎ ተወቅሷል። ታዲያ ያን ሳምንት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከፕሮግራሙ ላይ ጽሑፍና አስተያየት የሞላበት ገጽ አትሞ «የአባላት የእርስ በርስ ግምገማ» የሚል ርእስ ለጥፎ ለበላዮቹ ላከው። ሳያነበው! በኋላ ይዤ ስጠይቀው «እትዬ፣ የተሟላ ሪፖርት ስለመሰለኝ ነው» ብሎኝ አለቀሰ። ጥፊ ነበር የሚገባው፣ እጄ ግን አልታዘዘልኝም።

ዲኑ አቶ ከበበ ዋቅቶላን አስጠሩት። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እሳቸውም የልጆች አባት ናቸው። «ብሳና ማን ነው?» አሉት። «አላውቅም» አለ። «እንዴት አታውቅም? ፕሮግራሙ ያንተ አይደለም ወይ?» «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል።» እውነትም ወሬውን እንደሰማ ሄዶ ከሥሩ ደምስሶት ነበር፤ ያን ሁሉ ድካም፣ የልጆቹን ሥራ ሁሉ። አቶ ከበበ «ከላይ ሰዎች ይመጣሉ፣ ስብሰባ ይጠራል። ስሙን ይዘህ ካልመጣህ እኔ ላድንህ አልችልም» አሉት።

ከዚያ ቢሮዬ መጥቶ ተቀመጠ። «ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት። «ደምስሼዋለሁ።» «ማሽኑን ደመሰስክ፤ ጭንቅላትህንስ?» ያን ወቅት በየቦታው ልጆች ይታፈሱ ነበር፤ ኢታና ስሙ ከወጣ ዲፕሎማው ቀርቶ ራሱም ቤቱ አይገባም። «ሚስት አለህ፣ ዋቅቶላዬ» አልኩት። «አለችኝ» አለ።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከላይ የመጡት ሁለት ሰዎች መድረክ ላይ ከአቶ ከበበ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። አንደኛው ጽሑፉን አነበበው። ሲያነበው ደግሞ አነባበቡን ይችልበታል፤ መነጽሩ ጋ ሲደርስ ከኋላ አንዲት ልጅ እንደ ማልቀስ ስትል ሰማሁ። ጨርሶ ወረቀቱን አጠፈና «ብሳና ራሱን ያውጣ። ካላወጣ መላው ክፍል ይጠየቃል» አለ።

አንገቴን አዙሬ ኢታናን አየሁት። ተነሣ። «ተቀመጥ፣ አንተ ልጅ፣ በማርያም ተቀመጥ» አልኩ በልቤ። «ብሳና እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ የሰለለ ነው፣ ግን ሁሉም ሰማው።

ዋቅቶላ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ጥርስ ብቻ። «ይሄ?» አለ። «ይሄ ልጅ? ኧረ በሕግ! ጽሑፉ የኔ ነው። ለማስተማሪያ ብዬ በብሳና ስም ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።» መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ «ልጁ ግን እኔ ነኝ ብሏል» አለ። «ዝና ፈልጎ ነዋ! እናንተ ጽሑፉን አንብባችሁታል፤ የኔን ተማሪ ግን አታውቁትም። ይሄ ልጅ ስለ ገበያ ጻፍ ስለው ገበያው ደማቅ ነበር ብሎ ጀምሮ፣ ገበያው ደማቅ ነበር ብሎ የሚጨርስ ነው። እሱ የሚጽፋቸው ሰዎች ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚያወሩት፤ ሰው ሲናገር የመስማት ጆሮ የለውም። የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ሲያይ ይቃርማል፣ ሲቃርም ደግሞ ስፌቱ ይታያል። እናቱን እንኳ መጣ ነው የሚላት! ወንድና ሴት ሳይለይ ነው ይህን የጻፈው? ኢታና፣ ተቀመጥ። አንተ ጸሐፊ አይደለህም፣ አትሆንምም። አሁን ዕወቀው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መድረክ ላይ ያሉት ሰዎችም ሳቁ። ኢታና ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ተቀመጠ። ዋቅቶላ ራሱ ከጊምቢ ሲመጣ በዚያው በአማርኛው ሲስቁበት ነው የኖረው፤ ምን ያህል እንደሚያም ያውቀዋል፣ ስለሚያውቀውም ነው እዚያው ላይ የመታው። ተማሪን ለማዳን ብሎ ተማሪን አረደ። እኔ ከሳቁት መሐል አንዱን በክርኔ ደለቅኩት፤ ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣልኝም።

አመኑት። ለምን አያምኑት? መምህርን ይዞ መሄድ ከተማሪ ይበልጥላቸዋል። ከአዳራሹ በር ላይ መኪና ውስጥ አስገቡት፤ አንገቱን ሰብሮ ገባ።

ሚስቱ አሳየች አንድ ዓመት ከመንፈቅ እስር ቤት ምግብ አመላለሰች። አንዳንድ ቀን ይቀበሏታል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሷታል። የነርስነት ደመወዟ ለታክሲው አልበቃ ብሎ እኛ ሰፈር ድረስ በእግሯ ትመጣና ቤቴ አረፍ ብላ ትሄዳለች። ዘማሪዋ ሴት ድምፅዋ ጠፋ። ዋቅቶላ ሲፈታ ጸጉሩ ሸብቷል፣ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ሰው ሲያናግረው አንገቱን አዙሮ ነው የሚያዳምጠው። ኮሌጁ አልመለሰውም። ሰው ቤት እየሄደ ሕፃናት ያስጠና ነበር። እኔን ባገኘኝ ቀን የጠየቀኝ ስለ ኮሌጁ አይደለም፣ ስለ ሥራውም አይደለም። «ኢታና ይጽፋል?» አለኝ።

ኢታና ከስብሰባው በኋላ ኮሌጁን ረግጦት አያውቅም። ማንም ሳያባርረው ራሱ ቀረ። ያን ሁሉ መከራ ዋቅቶላ የተቀበለለት ዲፕሎማ ሳይያዝ ቀረ ማለት ነው። ወሰን ካሉት ጋራዦች በአንዱ እንደሚሠራ ግን አውቅ ነበር። ልዋሸው ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም፤ ያን ጆሮውን አዙሮ ሲጠብቀኝ ሳየው አልቻልኩም። ይዤው ሄድኩ።

ኢታና ከመኪና ሥር ወጣ። ጎርምሷል፣ ትከሻው ሰፍቷል። እጁ ዘይት ስለሆነ ክንዱን ዘረጋ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የመምህሩን ትከሻ ሳመ። «መምህር! ተፈቱ? እግዚአብሔር ይመስገን። አባቴ እኮ አንድ ቀን ሳይጸልይልዎት አላደረም።»

ዋቅቶላ ወግ አላበዛም። «ያን ቀን ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነው። ካስተማርኳቸው ሁሉ እንዳንተ የሚጽፍ አላየሁም። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት» አለው።

ኢታና ፈገግ አለ። የአክብሮት ፈገግታ ነው። «ለኔ ብለው እንደገቡ አውቃለሁ፣ መምህር። ጽሑፉ የኔ ነው ያሉት ውሸት እንደሆነማ እንዴት ይጠፋኛል? ስለ ጽሑፌ ያሉት ግን… ቤት ሄጄ የጻፍኩትን ሁሉ አውጥቼ አየሁት። ሰዎቼ እውነትም እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚያወሩት። ስፌቱም ይታያል። ልክ ነዎት።»

«ውሸት ነው እኮ አልኩህ!» ዋቅቶላ ጮኸ፤ ጋራዡ ውስጥ ያሉት ዞረው አዩን። «ያ የገበያው የመጀመሪያ ሳምንትህ ነው! ሌላውን እዚያው ቆሜ ነው የፈጠርኩት!»

«እዚያው ቆሞ የተፈጠረ ነገር እንዲያ አይዘረዘርም፣ መምህር።» ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው፣ የታመመ ሰው እንደሚያባብል። «እርስዎ ደግሞ ስለ ሥራ አይዋሹም። አሁን ነው ለኔ አዝነው የሚያጽናኑኝ።»

ዋቅቶላ ምን ይበል? የቀረው ነገር ልመና ነበር፣ ለመነውም። «አንድ ገጽ ጻፍልኝ። ስለፈለግከው። ስለዚህ ጋራዥም ይሁን። አንድ ገጽ ብቻ ጽፈህ ለእትዬ ስጣት።»

ኢታና አቀርቅሮ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እሺ፣ መምህር» አለ። የጋራዡ ባለቤት ጠራውና ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ዋቅቶላ ቆመ፣ የሚሰማውን ጆሮውን ወደኔ አዞረ። ዓይኑ በርቷል። «እሺ አለኝ፣ ሰማሽ? እሺ ብሎኛል» አለኝ። ሰምቻለሁ። እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ፤ ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልም፣ እሺ ነው የሚባለው። እሱም የዚሁ አገር ሰው ነው፣ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ግን ማመን ፈለገ። «ሰማሁ» አልኩት። እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር፣ ከሰላምታው ቀድሞ፣ «እትዬ፣ ኢታና ምንም አልሰጠሽም?» ይለኛል።